የአቦይ ቋጠሮ

«ጮክ በይ እንጂ! ለራስሽ ነው እንዴ የምታነቢው?»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረየስ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነው የሚጮኸው። እጁን ጆሮው ላይ አስደግፎ «አልሰማሁም» ይላል። ሣባ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማ ትንሿን ጥራዝ ወደ ፊቷ አስጠጋችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ጥራዟ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ናት። በዚያ በሰኔ ወር 1978 ዓ.ም. ሕዝብ በየቀበሌው ተሰብስቦ እንዲወያይባት የታዘዘው እሷው ናት።

«አሁን ይሻላል። እሑድ እናቶች ከኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ሊሰሙሽ ይገባል። ደግሞ ገጹን በቀኝ እጅሽ ግለጪ። ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እስከ እሑድ በቀኝ ልመጂ። ከከፍተኛው ካድሬ ይመጣል፤ እንዳታሳፍሪን።»

እስከ እሑድ! የቀረው ሦስት ቀን ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግራኝ የሆነችን ልጅ በሦስት ቀን ቀኝ ማድረግ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ነበር ጓድ ገብረየስ።

ሣባን ለአንባቢነት የመረጣት ከወር በፊት ነው። የወሎ ሰፈር እናቶችን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስታስቆጥር ድምጿን የሰማ ሁሉ «ራዲዮኗ» ይላታል። ስሟ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ከሄደ በኋላ ግን አባቷ ታሰረ። ያን ጊዜ ሌላ አንባቢ ሊፈልግ አስቦ ነበር፤ ለምን አንባቢ ተቀየረ ብለው ከላይ እንዳይጠይቁት ፈርቶ ተዋት።

ልምምዱ ሲያልቅ ከኪሱ የተቆራረጡ ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «እነዚህን ለየባለቤቶቻቸው አድርሺልኝ። ስማቸው ከጀርባው አለ።»

የመጀመሪያው ወረቀት ጀርባ ላይ «ሙሉ» ይላል፤ የገዛ ጓደኛዋ ናት። ከፊቱ ላይ «በረቂቁ ውስጥ የሴቶች እኩልነት እንዴት ተጠብቋል?» የሚል በታይፕ ተመትቷል። ሁለተኛው የባለሱቁ የጋሽ ሙክታር ነው፤ እሳቸው ስለ ሃይማኖት ነጻነት ይጠይቃሉ። ሰባት ጥያቄ ለሰባት ሰው። የቀበሌ ስብሰባ እንዲያ ነበር፤ ሕዝብ እሑድ የሚጠይቀው ጥያቄ ሐሙስ ይታደለዋል። ማንንም አይገርመውም ነበር። ስኳሩስ ቢሆን በደብተር አይደል የሚታደለው?

«የኔስ የታል?» አለች ሣባ።

«አንቺ አንባቢ ነሽ። አንባቢ አይጠይቅም።» ጓድ ገብረየስ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባትሽን ነገር አልረሳሁትም። ብቻ እሑድ አሳምረሽ አንብቢ፤ ከካድሬው ጋር አነጋግርልሻለሁ። እሺ?»

«እሺ። እግዚአብሔር ይስ...» ብላ ምላሷን ያዘች። «አመሰግናለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ወጥታ እየሮጠች ሄደች። ከእስር ቤቱ በር የአባቷን የስንቅ ሰሃን የምትቀበልበት ሰዓት እያለፈባት ነበር።

አባቷ ዑቕባይ ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ሣባ እንደ ትግራይ ልጅ «አቦይ» ትለዋለች፤ እናቷን አስመረትን ደግሞ «አደይ»። አቦይ ከታሰረ ዐሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል። የታሰረው በእንግዳ ምክንያት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን በእንግዳው ብቻ አይደለም። ይህንን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አቦይ፣ ሁለተኛዋ ሣባ።

እንግዳው የአቦይ ታላቅ እህት ባል አያ ኃይለኪሮስ ነበሩ። ዐይናቸውን ሊታከሙ ከአዲግራት የመጡ፣ አንዱ ዐይናቸው በፋሻ የታሸገ፣ በሌላውም እንደ ነገሩ የሚያዩ ሽማግሌ። በቀበሌው ደንብ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ በእንግዳ መዝገብ ሳይጻፍ ቤት ውስጥ አያድርም። ከትግራይ ለመጣ ሰው ደግሞ፣ እዚያ ጦርነት አለና፣ ቀልድ የለም። ረቡዕ ማታ ዘግይተው ስለደረሱ አቦይ ሐሙስ ጧት ሣባን ጠራት።

«መታወቂያዬን ያዢ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አያ ኃይለኪሮስን አስመዝግቢያቸው። እኔ የሚወርድ ሞተር አለብኝ፤ አልደርስም። እንዳትረሺ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

አልረሳችም። ሄዳለች። ግን ያን ቀን ለኅብረት ሱቁ ሳሙና መጥቶ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር፤ መዝጋቢዋ እትዬ ምንትዋብም መዝገቡን ዘግታ የሳሙና ደብተር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሙሉ እጇን ጎተተቻት።

«አቦ ነይ ተይው፣ ፋራ አትሁኚ! ነገም ቀን ነው። እህቴ ከሮም ጂንስ አምጥታለች እኮ። ላንቺም ልክሽ ነው፤ በናትሽ ለኪው።»

የሙሉ እህት ሆስተስ ናት። ሣባ ጂንሱን ለካች። በመስታወቱ ፊት ዞረች፣ ከኋላ ታየች፣ አወለቀች፣ እንደገና ለበሰች። ቤት ስትገባ መሽቶ ነበር።

«አስመዘገብሽ?» አላት አቦይ እጁን በነጭ ጋዝ እያጠበ።

«አዎ።»

«ወረቀት አልሰጡሽም?»

«መዝገቡ ላይ ነው የሚጽፉት።»

እንዴት ቀልጠፍ ብላ እንደመለሰች! ዓርብ እሄዳለሁ አለች፤ ዓርብ የሚኒስትሪ ፈተና ክለሳ ነበር። ቅዳሜ እሄዳለሁ አለች፤ ስትደርስ ቢሮው ተዘግቷል። ሰኞ አለች። እሑድ ሊነጋጋ ሲል አብዮት ጥበቃዎች በሩን መቱ፤ አንደኛው መዝገቡን በብብቱ ይዞት ነበር።

«ተመዝግበዋል» አለ አቦይ በሙሉ ልቡ። «ልጄ ናት ሐሙስ ያስመዘገበቻቸው። እዩት።»

ሰውየው መዝገቡን ገልጦ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደው። «የለም» አለ።

አቦይ ወደ ሣባ ዞረ። አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ ፊቷን አየ፤ አወቀ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ።

«ይቅርታ፤ አሁን ገና ትዝ አለኝ። ልልካት አስቤ ረስቼው ነው። ልጅቷ ምንም አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ወሰዱት። አያ ኃይለኪሮስም ግድግዳውን እየዳበሱ ተከተሉ። አደይ እስከ አስፋልቱ ድረስ በባዶ እግሯ እየሮጠች ሸኘች፤ ሣባ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደይ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስንቅ ታደርሳለች። ሁለት ሰሃን ገጥማ፣ በአረንጓዴ ፎጣ ጠቅልላ፣ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው እስር ቤት በር ላይ ትሰጣለች። ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሰሃን የምትቀበለው ሣባ ናት። አቦይን ማየት አይቻልም፤ ደብዳቤም ክልክል ነው። ግን ፎጣው ታስሮ ይመለስ ነበር፤ በአቦይ ቋጠሮ።

ሞተር ከመኪና ሆድ የሚያወጣበት ቋጠሮ ነው። ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ ጫፉ ከሥር ይገባል። ሣባን በሕፃንነቷ አስተምሯታል። በጥፍር አይፈታም፤ አደይ በጥርሷ ነበር የምትፈታው። «ይሄ ሰውዬ ጥርሴን ሊጨርሰው ነው!» ትላለች፤ ፊቷ ግን ይበራል። ቋጠሮው ካለ እጁ ደህና ነው፤ እጁ ደህና ከሆነ አልመቱትም ማለት ነው። ሁለቱም በዚያ ቋጠሮ ነበር የሚያድሩት።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ግን ፎጣው ሳይቋጠር መጣ። ሰሃኑ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ያውም በሥርዓት። አቦይ በሕይወቱ ጨርቅ አጥፎ አያውቅም። ሣባ ሰሃኑን ታቅፋ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ከራሷ በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። አደይ ቤት ሆና እየጠበቀች ነው። ሣባ ዙሪያዋን አየችና ፎጣውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቋጠረችው፤ ሁለት ጊዜ አዞረች፣ ጫፉን ከሥር አስገባች።

አደይ በጥርሷ ፈታችው። «ተመስገን» አለች።

ቅዳሜም ሳይቋጠር መጣ። እሑድም። ሣባ በየቀኑ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትቋጥራለች። ሐሙስ ከልምምዱ ሮጣ ስትደርስም ያው ነበር። ቋጠረችና ወደ ቤት ሄደች። እሑድ ካነበብኩ በኋላ ጓድ ገብረየስ ያነጋግርልናል፣ አቦይ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ለአደይ ሁሉንም እነግራታለሁ አለች ለራሷ። ውሸት ሲጀመር ትንሽ ነው፤ ቀስ እያለ ግን ቤቱን ሁሉ ይይዛል።

እሑድ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ያልመጣ ቤተሰብ በኅብረት ሱቅ እንደማይስተናገድ ሁሉም ያውቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ከከፍተኛው የመጣው ካድሬ ወጣት ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ንግግሩ የሚጣፍጥ።

«ጓዶች! በዘውዱ ጊዜ ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› እየተባለ ነው የተገዛነው። የገዢው ሥልጣን ገደብ አልነበረውም። ዛሬ ግን መንግሥት ራሱ ለሕግ የሚገዛበት፣ የዜጋው መብት የሚጻፍበት ዘመን መጥቷል!»

ጭብጨባ ሆነ። ሣባ ተነሥታ ማንበብ ጀመረች። ገጹን በቀኝ እጇ ትገልጣለች፤ ወረቀቱ እየተጣበቀ ያስቸግራታል። ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት አነበበች። ድምጿ እስከ በሩ ይሰማል። ጓድ ገብረየስ ከፊት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚያ ስለ ዜጎች መብት ከሚለው ምዕራፍ ደረሰች። ሐሙስ ልምምድ ላይ እዚህ አልደረሱም ነበር። ማንም ሰው ያለ ሕግ እንደማይያዝ፣ የተያዘም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ የዜጋ መኖሪያ ቤት እንደማይደፈር አነበበች። እያነበበች ቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ራሱን ያሰላ ጀመር። አርባ ስምንት ሰዓት ሁለት ቀን ነው። አቦይ ሃያ አንድ ቀኑ። ድምጿ ተቆረጠ።

«ቀጥይ» አለ ጓድ ገብረየስ በቀስታ።

ቀጠለች። እንዴት እንደጨረሰች አታውቅም። ዐይኗ ከኋላ በኩል አደይን ፈለጋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ጥያቄና መልስ ሆነ። ሙሉ ተነሥታ የሴቶችን እኩልነት ባንድ ትንፋሽ ጠየቀች። ጋሽ ሙክታር መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ወረቀቱን ቢያገላብጡትም አልታያቸው አለ፤ በቃላቸው ጠየቁ። ካድሬው መልሱን ከወረቀቱ እያየ መለሰ። ሰባቱም አለቁ።

«ሌላ ጥያቄ ያለው?» አለ ካድሬው። ለወጉ ነው። ጓድ ገብረየስ መፈክር ለማሰማት ብድግ ብሎ ነበር።

ሣባ እጇን አነሣች። ሳታስበው ግራ እጇ ነበር።

«አንባቢያችን ውኃ ጠማት መሰለኝ» አለ ካድሬው፤ ሰው ሣቀ።

«ጥያቄ አለኝ» አለች። «ሰው ከተያዘ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። ሃያ አንድ ቀን የሆነውስ?»

ሣቁ ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«ማን ነው ሃያ አንድ ቀን የሆነው?»

«አባቴ። ዑቕባይ ሐዱሽ።»

ጓድ ገብረየስ ፊቱ ቀላ። «ጓድ፣ እሱ ሕግ የተላለፈ ሰው ነው! ያልተመዘገበ እንግዳ ቤቱ ደብቆ...»

«አልደበቀም!» ሣባ ጮኸች፤ እንዳሠለጠናት ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ ያላስመዘገብኩት። እሱ ልኮኝ ነበር። ሳላስመዘግብ አስመዝግቤያለሁ ብዬ ዋሸሁት። ጥፋቱን የወሰደው ለኔ ብሎ ነው። መታሰር ካለብኝ እኔን እሰሩኝ።»

ከኋላ «ዋይ!» የሚል ድምፅ ሰማች። የአደይ ነው።

ካድሬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ወለወለው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ጓዲት አንድ ነገር ዘንግታለች እንጂ። ይህ ረቂቅ ነው። ረቂቅ ማለት ገና ያልጸደቀ ማለት ነው። ያልጸደቀ ሕግ ደግሞ ማንንም አያስገድድም። ሲጸድቅ ሁሉም በሕጉ መሠረት ይታያል።»

«እስኪጸድቅ ድረስስ?»

«እስኪጸድቅ ድረስ» አለ ካድሬው መነጽሩን መልሶ እያደረገ፣ «ተወያዩበት።»

ጓድ ገብረየስ ማጨብጨብ ጀመረ። ከፊት ያሉት ተከተሉት፣ ከዚያ መላው አዳራሽ። ሣባ መድረኩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ጋሽ ሙክታር ያጨበጭባሉ። ሙሉ ታጨበጭባለች። ማንም ቀና ብሎ አያያትም፤ ሁሉም መሬት መሬት ነው የሚያየው። እውነቱን ከተናገረች አንድ ነገር ይሆናል ብላ ነበር፤ ይሰድቧታል፣ ያስሯታል፣ ወይም አባቷን ይለቁታል። ምንም አልሆነም። ስብሰባው አለቀ።

ጓድ ገብረየስ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከእናትሽ ጋር፣ ቢሮ» አላት፤ ፊቷን ሳያይ።

በሩ ላይ ጋሽ ሙክታር በአጠገቧ ሲያልፉ ለመሄድ የቸኮሉ መስለው «ሰማዩ ዛሬም አልታረሰም፣ ልጄ» ብለው አለፉ። ሙሉ ግን ክንዷን ይዛ ወደ ግድግዳው ሳበቻት።

«ስለ ጂንሱ አልተናገርሽም አይደል? ስሜን ለማንም አልጠራሽም?»

«አልጠራሁም።»

«በናትሽ፣ ነገም ቢጠይቁሽ...»

«አልጠራም አልኩሽ እኮ።»

ሙሉ ክፉ ልጅ አይደለችም። ፈርታ ነው። ነገር ግን ሳትሰናበታት ሄደች።

አደይ በዝናቡ ውስጥ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ ቆመች።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አዎ። ያን ዕለት አየኝና ገባው።»

«እና ዝም አለ።»

«ዝም አለ።»

አደይ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ጨመቀችው። «ታዲያ እሱ የሸፈነውን አንቺ ምን ብለሽ ገለጥሽው? እሱ የታሰረው እኮ አንቺ እንድትተርፊ ነው። አሁን ስምሽ ደብተር ላይ ገባ። ምን አተረፍን? ንገሪኝ እስኪ፣ ሣባ፣ ምን አተረፍን?»

ሣባ አለቀሰች።

«በቃ፣ አታልቅሺ» አለች አደይ፤ ድምጿ የደከመ ነበር። «ሰዓቱ እንዳያልፍ ሂጂና ሰሃኑን አምጪ።»

እስር ቤቱ በር ላይ ያን ቀን ሰልፍ አልነበረም። ጠባቂው ከሣባ ብዙም የማይበልጥ፣ ጺሙን አብቅሎ ያልጨረሰ ወጣት ነው። ከመደርደሪያው ላይ ሁለቱን ሰሃን አወረደላት። ፎጣው ከላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሣባ አልተቀበለችውም።

«ማን ነው የሚበላው?»

«ውሰጂ እንጂ፣ ልዘጋ ነው።»

«አባቴ አይደለም የሚበላው። አባቴ ፎጣ አያጥፍም። ማን ነው?»

ወጣቱ ወደ ውስጥ ገልመጥ አለ። ከዚያ ሰሃኑን የሚሰጥ መስሎ ጠጋ አለ። «ስንቅ የሚያመጣላቸው የሌላቸው አሉ። እነሱ ናቸው የሚበሉት። ነገም አምጡላቸው... ከቻላችሁ።»

«እሱስ?»

«ባለፈው ሳምንት ሐሙስ መኪና መጥቶ ነበር። እሱንና ያንን ዐይናቸው የታሸገውን ሽማግሌ፣ ሌሎችንም።»

«የት ወሰዷቸው?»

«እህቴ፣ ለኔ ማን ይነግረኛል?» አለ ወጣቱ፤ ዐይኑን ሰበረ። «ሂጂ አሁን።»

ሣባ ወደ ድንጋይዋ ሄዳ ተቀመጠች። ዝናቡ አባርቷል። ፎጣውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጣቶቿ እንደ ለመዱት ሁለቱን ጫፍ ያዙ። አንድ ጊዜ አዞረች። አደይ ቤት ሆና ይህንን ነው የምትጠብቀው፤ ዛሬ ከሰማችው ሁሉ በኋላ የቀራት ይህ ብቻ ነው። ብትቋጥርላት ምን አለበት? አንድ ቀን እንኳ ብታሳድራት? ነገ ደግሞ ይቋጠራል። ከነገ ወዲያም ይቋጠራል። አዳራሹ ውስጥ መሬት መሬት እያየ ያጨበጨበው ሰው ትዝ አላት። ሁሉም ለየራሱ ምክንያት ነበረው፤ እሷም አላት።

ጫፎቹን ለቀቀቻቸው። ፎጣውን ሳትቋጥር፣ ሳታጥፍ፣ እንዲሁ ሰሃኑ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች።

ቤት ስትገባ አደይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሣባ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። አደይ ፎጣውን አየችው።

«ዛሬ አልቋጠርሽውም» አለች።

ሣባ ግድግዳውን ተደገፈች። «ታውቂ ነበር?»

«አንቺ ግራኝ ነሽ። ያንቺ ቋጠሮ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። የመጀመሪያው ዓርብ ገና ጥርሴ ላይ ሳደርገው አወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? አንቺ ለኔ ብለሽ ትቋጥሪያለሽ፤ እኔ ላንቺ ብዬ እፈታለሁ። እንደዚያ እያልን ቀኑ ይመሻል።» አደይ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንባዋ መጣ። ሣባ ሄዳ እግሯ ሥር ተቀመጠችና ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ተያይዘው አለቀሱ፤ ጎረቤት ይሰማል ሳይሉ።

እንባቸው ሲወጣላቸው ሣባ ጠባቂው ያላትን ሁሉ ነገረቻት። መኪናውን፣ ሐሙስን፣ አያ ኃይለኪሮስን። አደይ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ስንቅ የሌላቸው ናቸው የበሉት አለሽ?»

«አዎ።»

«ይብሉ» አለች አደይ። «የሰው ልጆች ናቸው። የነሱም እናት የት እንዳሉ አታውቅ ይሆናል።» ተነሥታ ሰሃኑን ማጠብ ጀመረች።

«ነገ ስንቁን እኔ ነኝ የምወስደው» አለች ሣባ።

«ቢሮ ተጠርተናል እኮ።»

«ከቢሮው በፊት። ‹ለማን ነው?› ሲሉኝ ስሙን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ‹የት ወሰዳችሁት?› እላቸዋለሁ።»

«አይነግሩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

አደይ ሰሃኑን አጥባ ስትጨርስ በዚያው ውኃ ሣባ አረንጓዴውን ፎጣ አጠበችው፣ ጨመቀችውና ለነገ እንዲደርቅ የአቦይ ወንበር ጀርባ ላይ ዘረጋችው።